በበረዶው ወራት ማብቂያ ኖርዌይን ለሚጎበኝ፦ «ኢር» የተባለው የአየር ትንበያ አገልግሎት

በማርች መጀመሪያ ወደ ኖርዌይ ልሄድ ስዘጋጅ የሰማሁት ጥያቄ ሁሉ «ብርዱ ስንት ዲግሪ ነው?» የሚል ነበር። ለዚያች አገር ግን አንድ ቁጥር አይበቃትም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ኦስሎ ላይ ቀን የቀለጠው በረዶ ማታ ተመልሶ ሲጋገር፣ በምዕራቡ ጠረፍ በርገን ላይ ዝናብ ሊወርድ፣ በሰሜን በፊንማርክ የውስጥ ደጋ ደግሞ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አልፎ ሊወርድ ይችላል። በጉዞዬ ሁሉ የተመራሁበት የአየር ትንበያ «ኢር» ስለነበር፣ ለመንገደኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዝርዝር መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

«ኢር» በኖርዌይኛ ካፊያ ማለት ነው። አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2007 በጋራ የጀመሩት የኖርዌይ ሚቲዎሮሎጂ ተቋምና የአገሪቱ የሕዝብ ብሮድካስት ድርጅት ሲሆኑ፣ በድረ ገጽም በስልክ መተግበሪያም ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ይገኛል፤ በእንግሊዝኛም ይነበባል። የቅርቡን ቀናት በየሰዓቱ ሲያሳይ፣ የራቁትን ቀናት በስድስት ስድስት ሰዓት ይከፍላቸዋል። ይህ አከፋፈል ሐቀኛ ነው፤ ስለ ሩቅ ቀን በደቂቃ የተቆጠረ እርግጠኝነት አይሸጥም።

ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት ከነፋሱ ዓምድ ነው። ነፋሱ የሚጻፈው በሜትር በሰከንድ በመሆኑ ለእንግዳ ሰው ትንሽ መስሎ ይታያል፤ 10 ሲል ግን በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከኦስሎ ወደ በርገን የሚወስደው ባቡር ፊንሰ በተባለች፣ ከባሕር ወለል 1,222 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኝ ጣቢያ ሲቆም፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚለውን ቁጥር ብቻ አይቼ ጓንቴን መቀመጫዬ ላይ ትቼ ወረድሁ። በሰከንድ 10 ሜትር በሚሄድ ነፋስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪው ለገላ ከዜሮ በታች 20 ሆኖ ይሰማል፤ ጣቶቼ ፎቶግራፍ እንኳ ሳያነሡ ደነዘዙ። «የሚሰማው ሙቀት» የሚለው ቁጥር እዚያው ገጽ ላይ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሁሉ በፊት የማነበው እርሱን ሆነ።

በርገን ሌላ ዓለም ናት። በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ስለሆነች በዚህ ወቅትም ውሽንፍሩ ከጎን ይመታል፤ ጃንጥላ ይገለበጣል፤ የሚያድነው ቆብ ያለው የዝናብ ካፖርት ነው። እዚህ የረዳኝ የሚቀጥሉትን 90 ደቂቃዎች ዝናብ በራዳር ላይ ተመሥርቶ የሚያሳየው ክፍል ነው፤ ቤተ መዘክር ገብቶ ለመቆየትም ሆነ ወደ ወደቡ ለመውጣት የሚወስነው እርሱ ነበር። ኦስሎ ላይ ደግሞ ትንበያው ቀን ከዜሮ በላይ፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ካለ፣ ጠዋት የእግረኛው መንገድ መስታወት ይሆናል ማለት ነው፤ በጫማ ላይ የሚታሰር ባለ ሹል ብረት ማንሸራተቻ መከላከያ መግዛት ግድ ይላል።

ድክመቱንም ልናገር። ትንበያው የሚሰላው መሬቱን በኪሎ ሜትሮች እየከፋፈሉ በመሆኑ፣ ገደል በከበባቸው ጠባብ የፍዮርድ (ባሕር ወደ የብስ ዘልቆ የገባባቸው) ሸለቆዎች ያለው እውነተኛ አየር ከገጹ ሊለይ ይችላል። በተራራ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ፀሐይ የሚያሳየው ምልክት ብቻውን አደገኛ ነው፤ የጠራ ሰማይ ባለበት ቀን የበረዶ ናዳ ሊወርድ ይችላልና። ለዚህ «ቫርሶም» የተባለውን የመንግሥት የናዳ ማስጠንቀቂያ መክፈት ያስፈልጋል፤ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ 3 የሚለው መሃል ላይ ስለተቀመጠ ቀላል ሊመስል ይችላል፣ ትርጉሙ ግን ጉልህ አደጋ ነው። መኪና የሚከራይም የተራራ መንገዶቹን ሁኔታ ከመንገድ አስተዳደሩ ያጣራ፤ በማዕበል ጊዜ መኪኖች በረዶ ጠራጊውን ተከትለው በሰልፍ ብቻ እንዲያልፉ ይደረጋል፣ አለዚያም መንገዱ ይዘጋል።

የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ያሳለፍሁት በትሮምሶ ነበር። ከተማዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 69 ዲግሪ አልፋ ብትገኝም፣ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት የውቅያኖስ ሞገድ ባሕሯ እንዳይጋገር ያደርጋል፤ በማርች ቀኑ በየዕለቱ ከ8 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ በረዶው ግን ገና ይከመራል፤ እስካሁን የተመዘገበው ትልቁ ውፍረት፣ 240 ሴንቲ ሜትር፣ የተለካው በኤፕሪል 29 ቀን 1997 ነው። የሰሜኑን ብርሃን፣ ማለትም በዋልታ አካባቢ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለማየት የሚጓጓ ሰው ሙቀቱን ትቶ የደመናውን ሽፋን በየሰዓቱ ይመልከት። እኔ በሦስተኛው ሌሊት ደመናው ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደሚሳሳ አንብቤ ነቅቼ ጠበቅሁ፤ ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ሰማዩ ተከፈተ፣ አረንጓዴው ብርሃንም ከተራራው በላይ ወጣ።