ሶፍ ኡመር ዋሻ ለተማሪ ጉብኝት ይሆናል ወይ?

ሐዋሳ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት 43 የአሥረኛ ክፍል ልጆችና አራት መምህራን ሆነን ባሌ ወርደን ሶፍ ኡመርን አይተን ተመልሰናል። ከዚያ ወዲህ የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን «ልጅ ይዞ ይገባበታል?» እያሉ ስለሚደውሉልኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ባጭሩ ይገባበታል። ግን ወሩ ተመርጦ፣ ልጁ ተመርጦ፣ ባትሪው ተቆጥሮ ነው።

ከሐዋሳ የሚነሳ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾን አልፎ ሮቤ ይገባል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሞከር ነገር አይደለም፤ ሮቤ ወይም ጎባ ማደር ግድ ነው። ከሮቤ ደግሞ በጎሮ በኩል ገና ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ጠዋት ሮቤ ላይ ጃኬት ላይ ፎጣ ደርበው እየተንዘፈዘፉ የተሳፈሩ ልጆች ከጎሮ በኋላ ቁልቁል ስንወርድ አንድ በአንድ ሲያወልቁ፣ ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ በካናቴራ ቀርተው ነበር። «ከፍታ ሲቀንስ ሙቀት ይጨምራል» የሚለውን ለማስረዳት ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ፤ እዚህ አውቶቡሱ ራሱ አስተማረልኝ።

ስለ አውቶቡሱ ካነሳሁ፣ የተከራየንበትን ድርጅት ስም አልጠራም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተባብለን 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። የውል ወረቀታችን ላይ 50 ወንበር ይላል፣ የመጣው ቅጥቅጥ ግን ልጆቹን ሦስት ሦስት እያደረገ ነው የጫነን። ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ ተከፍሎ ስለነበር የምንከራከርበት ጉልበት አልነበረንም። ቀብድ ብቻ ስጡ፣ ቀሪውን ስትመለሱ። የትርፍ ጎማውንም ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ወደ ዋሻው። ርዝመቱ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በአገራችን ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙ ነው። ያን ሁሉ ግን አትሄዱም፤ ጎብኚ የሚሄደው የወይብ ወንዝ ገብቶ የሚወጣበትን ክፍል ነው። ለተማሪ ከበቂ በላይ ነው።

እኔን የወሰደኝ ዋናው ነገር የኖራ ድንጋዩ ነው። ሜሶዞይክ በሚባለው የጥንት የምድር ዘመን ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየገፋ መሬቱን እንደሸፈነ፣ የኖራ ድንጋዩም ያኔ እንደተጣለ ሁላችንም እናስተምራለን። ልጆቹ ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ከፈተና ማግሥት ይጠፋል። የኬሚስትሪ ባልደረባችን ከላቦራቶሪ ቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ ማንሻ ይዞ መጥቶ ነበር። ዋሻው ውስጥ አንድ ጠብታ እንኳ እንዳይነካ ተስማምተን፣ ከመንገዱ ዳር ከወደቀ ድንጋይ አንዱን አንስተን ጠብ አደረግንበት። ነጭ አረፋ ኩፍ ብሎ ሲንጫጫ 43 ጭንቅላት አንድ ድንጋይ ላይ ተደፋ። ወዲያው አንዷ፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ፣ «ሚስ፣ ታዲያ ዋሻውን አሲድ ማን አፈሰሰበት?» አለችኝ።

ጉብኝቱ ለእኔ እዚያ ላይ ዋጋውን መለሰ። ዝናብ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ ደካማ አሲድ ይሆናል፣ በስንጥቁ ይገባል፣ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟል፤ ወንዙ ደግሞ መንገድ ሲያገኝ ጠርጎ ያሰፋዋል። ይህንን አስረድቼ ስንገባ ልጆቹ ግድግዳውን ሌላ ዓይን አውጥተው ነው ያዩት። ዓምዶቹ ያሉበት አዳራሽ ላይ ስንደርስ «ይሄን ሰው ነው የጠረበው» የሚል ክርክር ተነስቶ «አይደለም፣ እዩት፣ ስንጥቁ እኮ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው» ብለው እርስ በርሳቸው ጨረሱት። እኔ ዝም አልኩ። እውነትም ጣሪያው፣ ቅስቱ፣ ምሰሶው የተለካ ይመስላል።

ወንዙን በተመለከተ ግን ቀልድ የለም። መንገዱ ወይብን ደጋግሞ ያሻግራል። በእኛ ጊዜ ውሃው ብዙው ቦታ ላይ ጉልበት፣ አንዳንዱ ላይ ጭን ድረስ ነበር፤ አጫጭሮቹን መሐል አድርገን እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የተሻገርነው። ወይብ ከባሌ ተራሮች የሚወርድ ወንዝ ነው፤ መጨረሻውም ከገናሌ ጋር ተቀላቅሎ በጁባ በኩል ሕንድ ውቅያኖስ ነው። ስለዚህ እናንተ ዋሻው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ፣ ላይ ተራራው ላይ ዝናብ ጥሎ ውሃው ሊሞላ ይችላል። የሰማዩን ሁኔታ ሳይሆን የአካባቢውን ሰው ስሙ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት መጀመሪያ ደኅና ነው። ክረምት ላይም፣ የበልጉ ዝናብ ከገባ በኋላም ልጅ ይዤ አልሄድም። በግንቦት ሊሄዱ የተዘጋጁ ባልደረቦች አሉኝ፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ።

አስጎብኚያችን ዕድሜያቸው ጠና ያለ የመንደሩ ሰው ነበሩ፤ ለእሳቸው አምስት ከአምስት እሰጣለሁ። ልጆቹ «ጋሼ» ሲሏቸው ዋሉ። ብዙ አያወሩም። በየማሻገሪያው ቀድመው ገብተው በዱላቸው መሬቱን ይፈትሻሉ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ልጅ ትከሻውን እየነኩ «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፣ አፉር» እያሉ ይቆጥራሉ። ሁለተኛው ማሻገሪያ ላይ ልጆቹም አብረው መቁጠር ጀመሩ፤ ሲወጡ እስከ 43 በኦሮምኛ የማይቆጥር አልነበረም። እሳቸው ግን ብቻቸውን ለዚህ ሁሉ ልጅ አይበቁም። ረዳት እንዲጨመር ጠይቀን አንድ ወጣት ከኋላ ዘጋልን። ክፍያውን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩና ጨርሱ፤ ለሁለት ሰው መክፈል እንደ ወጪ የሚቆጠር አይደለም።

ባትሪ። የስልክ መብራት ባትሪ አይደለም! ይህንን በወላጆች ፈቃድ ወረቀት ላይ በደማቅ ጽፈን ነበር፤ ግማሹ ልጅ ስልኩን አምኖ መጣ። ውሃ ውስጥ ስትገቡ ሁለቱም እጃችሁ ሥራ አለው፣ ስልክ የሚይዝ እጅ የለም። አንድ ስልክ ወይብ በልቶታል፣ አልተገኘም። ግንባር ላይ የሚታሰረው ባትሪ ምርጥ ነው። ለሁሉም መግዛት ካልተቻለ ለሦስት ልጅ አንድ ይድረስ፣ ትርፍ የባትሪ ድንጋይም ይያዝ። ጫማ ላይ ደግሞ ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ውሃው ከእግር ነጥቆ ይወስደዋል። የሚታሰር ሸራ ጫማ ይሁን፣ ረጥቦ እንደሚውል ታውቆ። የሚቀየር ሱሪ በፌስታል አስሮ አውቶቡስ ላይ መተው ነው።

የሌሊት ወፍ አለ፤ ሽታውም አለ። የባዮሎጂው መምህር ተደሰተ፣ ሁለት ልጆች ግን አስመለሳቸው። አስም ያለበት ልጅ ካለ ከወላጁ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

አንድ ነገር ብዙ አስጎብኚ ድርጅት አያነሳውም። ሶፍ ኡመር ዋሻ ብቻ ሳይሆን የተቀደሰ ቦታ ነው። ስሙ የሼህ ሶፍ ኡመር ነው፤ ዋሻውን መጠለያና የጸሎት ቦታ አድርገውት እንደነበር ይነገራል። በአንደኛው በኩል ያለው መግቢያ በልጃቸው ስም አየው ማኮ ይባላል። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን መንፈሳዊ ጉዞ የሚያደርጉ ሙስሊሞችም እዚህ ይደርሳሉ። ከልጆቻችን አንዱ አያቱ በወጣትነታቸው መጥተው እንደነበር ነገረን፤ ከመግባታችን በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ከእኔ ይልቅ እሱን ሰሙት። አለባበስ ላይ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ፉጨትና ጩኸት የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ግድግዳ ላይ ስም መጻፍ ፈጽሞ የለም። የድሮ ጎብኚዎች የጫሩትን ስም ሲያዩ «ሚስ፣ እነሱ ለምን?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ዳቦ በእንቁላል፣ ቆሎና ሙዝ ይዘን ነበር፤ ሃይላንድ ለአንድ ልጅ ሁለት ሁለት፣ እሱም በሙቀቱ አልተረፈም። ለመጸዳጃ ጎሮ ላይ ቁሙ። ቆሻሻውን ሰብስባችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ የሙዝ ልጣጩንም ጭምር።

ሶፍ ኡመር ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማያያዝ ስለሚቻል በመመለሻችን ዲንሾ ላይ ወርደን የደጋ አጋዘንና ከርከሮ አይተናል፣ ለዚያውም ብዙ ሳንደክም። አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የአራተኛ ክፍል ልጆቿን ይዛ ሶፍ ኡመር ልትሄድ አማክራኛለች። አይሆንም ብያታለሁ፤ ወንዙ ለዚያ ቁመት አይደለም። ከስምንተኛ ክፍል በታች ያላችሁ ዲንሾ ላይ ቁሙና ተመለሱ።