“ጥድ ነው” ተብዬ “ጥድ ከለር” ገዝቼ መጣሁ

ተናድጄ ነው የምፅፈው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ። ትላንት ከሰአት ነው የሆነው፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ደሴም ኮምቦልቻም ቤት እየጨረሳችሁ ያላችሁ፣ በተለይ በረንዳችሁን በመስታወት ዘግታችሁ ወለሉን እንጨት ልታረጉ ያሰባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትሰጡ።

የሱቁን አይነት ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ሴራሚክ የተደረደረበት፣ ገና ስትገቡ ወንበር የሚሳብላችሁ፣ ሻይ የሚታዘዝላችሁ፣ “ዋጋውን ተዪው መጀመሪያ እቃውን እዪ” የሚባልበት። ስሙን አልጠራም፣ ብከሰስ ለጠበቃ የምከፍለው ብር የለኝም፣ ያለኝ ብር ወለሉ ላይ አብጦ ተኝቷል።

እማ ጉልበቷን ያማታል። የደሴን ብርድ ደግሞ ለናንተ አልነግርም፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅብን ክረምቱን ሙሉ ጋቢ ለጋቢ ነው። ስለዚህ የፊት በረንዳችንን፣ 2 ሜትር ተኩል በ4 የሆነች ጠባብ ነገር ናት፣ በአልሙኒየምና በመስታወት አዘጋሁላት። በምስራቅና በደቡብ ሙሉ መስታወት፣ ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትገባለች፣ ከህዳር እስከ ጥር ደሞ ብርዱ ሲብስ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ክፍሏ እስከ ማታ ሞቅ እንዳለች ትቆያለች። ወላሂ ስንት ሌሊት ነው ያሰብኩባት! በመስኮቱ ስር ዝቅ ያለ አግዳሚ፣ ክዳኑ ተነስቶ ብርድ ልብስ ምናምን የሚከተትበት፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሶፋ ከማጨናነቅ ብዬ። ጥጉ ላይ ረከቦት። ቀትር ላይ ፀሐይዋ እንዳታቃጥላት ስስ ነጭ መጋረጃ። ወለሉ እንጨት፣ ጣውላው በክፍሉ ርዝመት የሚሄድ፣ በወርዱ ከተነጠፈ ክፍሉን ያሳጥረዋል በርዝመቱ ከሄደ ግን ረዘም ያለች ትመስላለች። ሴራሚክማ በዚህ ብርድ እግር ያደርቃል።

ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው፣ አንቱ እያልኩ ነው ያወራሁት። የእንጨት ወለል እንደምፈልግ ስነግረው ከመሳቢያ መዳፍ የምታክል ቀላ ያለች ቁራጭ አወጣና በቁልፍ ጫር ጫር አርጎ “አሽትቺው” አለኝ። አሸተትኩት። ጥድ! አጎቴ አናጢ ነበረ፣ ያ ሽታ ልጅነቴ ነው፣ እዛው ቆሜ አይኔ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። “ጋሼ ስንት ነው?” “3,400 በካሬ።” ጥድ በዚህ ዋጋ? ጥድና ዝግባ እንደልብ የማይቆረጡ፣ የተከለከሉ ዛፎች መሆናቸውን የማላውቅ ይመስል፣ እንዴት አልኩ እንጂ አልጠረጠርኩም። “ልጄ አብሽሪ፣ የድሮ እቃ ስለሆነ ነው” አለኝ። አበሸርኩ። የ11 ካሬ 37,400 ብር፣ አንዷ ካሬ ለብክነት ተብላ፣ የማንጠፊያው ለብቻ።

ግንቦት ላይ ካርቶኑ መጣ። ሲከፈት ሚሸተው ኮላ ኮላ ነው። “ሽታው የታለ?” ብል አንዱ አንጣፊ ቀና እንኳን ሳይል “ታሽጎ ስለከረመ ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይመጣል” አለኝ። እስቲ አሁን ይሄን የሚያምን ሰው ምን ይባላል? እኔ አመንኩ። ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየተንበረከኩ ወለል አሸት ነበር።

ደሞ ከዚህ የባሰ አለ። አንድ እሁድ ቡና ላይ እማ ወለሉን አተኩራ አየችና “ይቺ ጉጥ እዛም አለች” አለችኝ። አየሁት፣ ወፍ የምትመስል ጉጥ ናት፣ ከጎኗ ትንሽ ስንጥቅ ያላት። በሩ ጋ አለች። አግዳሚው ስር አለች። ሰባት ቦታ ቆጠርን፣ ያችው ወፍ ከነስንጥቋ! እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው፣ “ከአንድ ግንድ ስለተሰነጠቀ ነው እማ”። እሷ ዝም አለች፣ ስኒዋን አዞረች። ፊደል ያልቆጠረችው እሷ ገብቷታል፣ ዲግሪ ያለኝ እኔ ግንድ አስረዳታለሁ።

ሐምሌ ገባ። ጉሙ ሲወርድ ሌሊት መስታወቱ ከውስጥ ያልበውና ላቡ በአልሙኒየሙ ወርዶ ወለሉ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ እጠርጋለሁ ግን ምን ዋጋ አለው፣ በሁለት ሳምንት መጋጠሚያው ሁሉ ከንፈር አወጣ፣ ከዛ መሀሉ ጉብ አለና ስትረግጡት ቋ ይላል። እማ ሁለቴ ተደናቀፈች። ግድግዳው ስር ዙሪያውን የሚመታውን ዞኮሎ ነቀልኩት፣ ወለሉ ከግድግዳው ጋ ተጣብቋል፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም። እንጨትም ይሁን ሌላ ነገር ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ስለሚለጠጥ ዙሪያውን 1 ሳንቲም ገደማ ይተውለታል፣ ዞኮሎ የሚመታውም እኮ ያን ለመሸፈን ነው። የሱቁ “ባለሙያዎች” ናቸው ያነጠፉት። አንዱን ጣውላ ነቅዬ ሰበርኩት። ውስጡ ቡናማ የታመቀ ብናኝ፣ ከላይ የእንጨት ፎቶ የታተመበት ወረቀት። ላሚኔት።

ትላንት ስባሪውን በፌስታል ይዤ በባጃጅ ሄድኩ። ሰውዬው አየኝ፣ ስባሪውን አየ፣ ስልኩን አልዘጋም፣ አወራ አወራና ሲጨርስ “እሺ ምን ልታዘዝ” አለኝ እንደማያውቀኝ። “ጋሼ ጥድ ነው ብለው የሸጡልኝ ይሄ ነው” አልኩት። ያቺ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፣ አንስቼ አሸተትኳት፣ አሁንም ትሸታለች! “ይቺስ?” አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

“እሷማ ጥድ ናት። አንቺ የወሰድሽው ጥድ ከለር ነው።”

ጥድ ከለር። ደረሰኙን አውጪው አለኝ፣ አወጣሁ፣ ጣቱን አስቀመጠበት፦ “ወለል፣ ጥድ ከለር፣ 8 ሚሜ፣ 11 ካሬ”። ሶስት ወር ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ እኮ። “ጥድ” የምትለዋን አይቼ አጣጥፌ ከትቼዋለሁ። ካሸር ላይ ያለችው ልጅ ሳቋን ለመዋጥ ኮምፒውተሩ ስር አጎነበሰች፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። “አሽትቺው ብለው ያስሸተቱኝ ምን ሊሆን ነው ታዲያ?” ስለው “ልጄ፣ እኔ ስለ እንጨት እያወራን መስሎኝ ነው” አለ። ድምፄ ከፍ ሲል ሰው መሰብሰብ ጀመረ፣ እሱ ረጋ ብሎ “ፀሐይ ላይና ውሃ ላይ አንጥፈሽ ደሞ… ለማንኛውም አብሽሪ፣ ምንጣፍ ጣይበት” አለኝና ለሌላ ደንበኛ ወንበር ሳበ። ሻይ አዘዘለት ደሞ።

ስመለስ እልህ ይዞኝ ሌላ ሱቅ ጠየቅኩ፣ ያው ካርቶን፣ ያቺው ወፍ ያለችበት፣ በግማሽ ዋጋ።

ለምትገዙ ሰዎች፦ ሳምፕሉን ሳይሆን ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ጣውላ አስመዝዛችሁ የተቆረጠውን ጫፍ እዩ፣ ሙሉ እንጨት ከሆነ መስመሩ ከላይ ወደ ጎን ወርዶ ይቀጥላል። ደረሰኝ ላይ የእንጨቱን ስም ያለ “ከለር” አስፅፉ። መስታወት በረንዳ ከሆነ ደሞ ጉሙ ሲገባ የሚያልበውን ውሃ መውጫ ሳትሰሩለት ምንም አታንጥፉ፣ እውነተኛ ጥድም ቢሆን።

እማ ረከቦቷን ወደ ማድቤት መልሳዋለች። 10 ካሬ ያበጠ ጥድ ከለር ለዶሮ ቤትም ለምንም የሚፈልግ ካለ፣ ነቅሎ መውሰድ የሱ ነው፣ በነፃ።