ጀማ ወንዝ ላወረደን ልጅ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ለአንድ የመርሐቤቴ ልጅ ምስጋና ስላለብኝ ነው። አሳ ማጥመድ የሚወድ ሰው ካለም ማንን ይዞ ወንዝ እንደሚወርድ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

አጎቴ ደብረ ብርሃን ተወልደው ያደጉ ናቸው። ብዙ ዘመን የኖሩት ግን አሜሪካ ነው። እዚያ የለመዱት ነገር ፍላይ ፊሺንግ ነው። ለማታውቁት፣ መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሥጋ አይሰካም። የሚወረወረው በላባና በክር የተሠራ ዝንብ መሳይ ነገር ነው። ዝንቧ ክብደት የላትም፤ ወደፊት የሚወስዳት የገመዱ ክብደት ነው። ስለዚህ ገመዱን መጀመሪያ ከራስ በላይ ወደኋላ ይዘረጉታል፣ ከዚያ ወደፊት ይለቁታል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ዘንድሮ ለጥምቀት ሲመጡ የማጥመጃ ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። ምኞታቸው ትራውት የሚባለውን አሳ፣ ትልቁን መያዝ ነበር። አስጎብኚ ነኝ ያለን አንድ ሰው ጀማ ላይ ትራውት ሞልቷል ብሎ 6,000 ብር ቀብድ ተቀበለን። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልነሳ አለ። አጎቴ ምንም አላሉም። ዘንጉን ግን መልሰው ሻንጣ ውስጥ ሲከቱት አየሁና አንጀቴን በሉት።

የዚህን ልጅ ቁጥር የሰጠን ጎረቤታችን ነው። ወፍ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆችን ወደ ጀማ ሸለቆ ያወርዳል። ስንደውልለት መጀመሪያ ያለን ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ጀማ ላይ ትራውት የለም። ቆላ ነው፣ ውሃው ይሞቃል። ትራውት ከፈለጉ ባሌ ይሂዱ። እኛ ጋ ያለው ነጭ አሳ ነው።»

ልክ ነበር። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው። የባሌው፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ያለው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ይህ ልጅ «አዎ አለ» ብሎ ብራችንን መቀበል ይችል ነበር። ቀብድ እንላክልህ ስንለው እንኳ «ሳታዩት የምን ክፍያ» አለን። በመንገዱ ሰላም መሆን ሁለት ጊዜ ደውሎ ካረጋገጠልን በኋላ ነው ኑ ያለን።

በሙከ ጡሪ አድርገን ለሚ ከተማ ደረስን። እዚያ ጭላዳዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ይነጫሉ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጋቢያችንን አንድ በአንድ አወለቅን። የኛው የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝም በስተመጨረሻ ጀማ ነው የሚገባው፤ አጎቴ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሲያነሱ ነበር።

ውሃው ዳር ስንደርስ ልጁ ዘንግ አላስዘረጋም። ጎንበስ ብሎ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ከወንዙ አወጣና ገለበጠው። ከሥሩ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ባለ ሦስት ጭራ ትንንሽ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። «ጋሼ፣ አሳው የሚበላው ይሄን ነው» አለ። አጎቴ ሣጥናቸውን ከፍተው በጣታቸው እየፈለጉ ቁርጥ ያንን የምትመስል አንዲት ቡናማ ዝንብ አወጡ። ልጁም ድንጋዩን መልሶ እዚያው ቦታ በዚያው ፊቱ አስቀመጠው።

የአጎቴ ጉልበት ያማቸዋል። ልጁ ዱላውን እየተከለ ጥልቀቱን ራሱ ካልሞከረ አንድ እርምጃ አላስገባቸውም። አንዴም እጃቸውን አልለቀቀም።

ሦስት ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ ገመዱ ድንገት ተወጠረ። ነጭ አሳ ከተያዘ ወደ ጥልቁ ነው የሚሮጠው፣ ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። ሲወጣ በዘንጉ ለካነው፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጎኑ ወርቃማ፣ አፉ ጥግ ላይ ሪዝ የመሰለ ነገር አለው። አፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። አጎቴ ሊይዙት ሲሉ ልጁ «እጅዎን ያርጥቡ ጋሼ» አላቸው። ደረቅ እጅ የአሳውን ልባጭ፣ ያንን የሚያዳልጠውን ሽፋን፣ ይልጠዋል፣ ያን ጊዜ በሽታ ይገባዋል። አፉን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ፣ ስንጥቡ በደንብ እስኪከፈትና እስኪዘጋ ድረስ ደግፎ ያዘውና ለቀቀው። የአጎቴ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ምሳ ላይ ብርብራ ስለሚባለው ዛፍ አወራን። ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ሲጨምሩት አሳው መተንፈስ ያቅተዋል፣ ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ይንሳፈፋል። «ልጅ ሳለሁ እኔም አድርጌዋለሁ» አለ ልጁ። አሁን እረኞቹን እየዞረ እንዳያደርጉ ይለምናቸዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ማንንም አያወርድም። ውሃው ይደፈርሳል፣ አሳውም እንቁላል ሊጥል ወደ ላይ የሚወጣው ያኔ ነው። ጥሩው ጊዜ ውሃው ከጠራ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው።

የተቀበለን የተስማማንበትን የቀን አበል ብቻ ነው። አጎቴ ሲመለሱ ያችን ቡናማ ዝንብ ከነሣጥኑ ትተውለት ሄዱ።

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉለት ግን ማታ ይሁን፤ ቀን ወንዙ ላይ ኔትወርክ የለም።