ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፦ የትኛውን ልሳፈር ለምትሉኝ

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። ከደሴ አዲስ አበባ ከሚሠሩት አንደኛ ደረጃ አውቶቡሶች ውስጥ እኔና ቤተሰቤ የምንመርጠው አንድ አለ። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። ወንበሩ ከሌሎቹ አይሻልም፤ ቴሌቪዥኑም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። 4 የሰጠሁት መንገዱ ሰላም ካልሆነ «ዛሬ አንሄድም» የሚል ድፍረት ስላላቸው ነው። ስማቸውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። በዚህ መስመር የሚሠራ ሹፌርና ረዳት ስሙ በየቦታው እንዲነሳ አይፈልግም፣ እውነቱንም ነው። ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ ልንገራችሁና እናንተው ትለያላችሁ።

መስመሩን ለማያውቅ፦ ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ጣርማበርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህናው ጊዜ ማለዳ ከደሴ የተነሳ ሰው ሳይመሽ አዲስ አበባ ገብቶ ጉዳዩን ይጀምር ነበር።

ይህ መንገድ ግን ያላየው የለም። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጠለች። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ አንሶላውን ጠቅልሎ በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ብርሃን ነጎደ። ከተሞቹ ከሕወሓት ኃይሎች እጅ የወጡት ኅዳር 27 ቀን 2014 ነው። እፎይ ሳንል ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዋጁ ጊዜ አለቀ፣ በመንግሥትና በፋኖ መካከል ያለው ውጊያ ግን አላለቀም። እንግዲህ የአውቶቡስ ድርጅትን የምመዝነው በዚህ ሁሉ መሀል ሰው አጓጉዞ እንዴት እንደሚያደርስ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ስልክ ነው። ይኼ ድርጅት ትኬት ሲቆርጥ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ስልክም ይመዘግባል። ማታ ላይ ትኬት ቢሮ ያለችው ልጅ ራሷ ትደውላለች። «ነገ እንነሳለን» ወይም «ከሸዋሮቢት ወዲያ ጥሩ አይደለም፣ አትምጡ» ትላለች። ከየት እንዳወቀች ብትጠይቋት ሚስጥር አይደለም፤ ከወዲያ የመጣውን ሹፌር ጠይቃ ነው። ሹፌሮቹ እርስ በርሳቸው ይደዋወላሉ። የትኛው ኬላ እንደጠበቀ፣ የት ተኩስ እንደተሰማ፣ የትኛው ከተማ ባጃጅ እንዳቆመ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ «መንገዱ ተዘግቷል» የሚል ወሬ ሲወጣ ግማሹ የአምናው ቪዲዮ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እውነት ነው፤ ለይቶ የሚነግረን አካል የለም። መንግሥት ከተናገረም የሚናገረው ካለፈ በኋላ ነው። ስለ አገር ደህንነት ሲወራ ድንበርና መሣሪያ ይነሳል። እኔ ግን እላለሁ፦ ሕዝብ ነገ ጠዋት መንገዱ ይከፈታል አይከፈትም ብሎ የሚጠይቀው ሁነኛ አካል ካጣ፣ ይኼም ትልቅ የደህንነት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን አሁን እየደፈኑልን ያሉት ትኬት ቆራጮችና ሹፌሮች ናቸው።

ሁለተኛው ምልክት ገንዘብ መመለስ ነው። ሳይነሱ ከቀሩ ሙሉ ብሩን ይመልሳሉ፣ ወይም ቀኑን ያዛውሩላችኋል። ያለ ንትርክ። ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት እንኳ በ*127# ቴሌብር ላይ መልሰውልናል። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የተሸጠ ትኬትን ላለመመለስ ብሎ «ግድ የለም፣ እናልፋለን» እያለ የሚነሳ መኪና አለና።

ይኼን በራሴ አይቼዋለሁ። ሌላ ድርጅት ነው፣ ስሙ ይቅር። ሌሊቱን ከፊት መንገዱ መዘጋቱን እያወቁ ጫኑን። ከሚሴ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ረዳቱ «እኛ ምን እናድርግ፣ መንግሥት ነው የዘጋው» አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በማግስቱ ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ስንት ወር የጠበቁት ቀጠሮ። ወረቀቱን እያሳዩ ለመኑት። «አባባ፣ ይታገሱ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ማደሪያ በየራሳችሁ ፈልጉ ተባልን፣ የትኬቱ ብርም ቀልጦ ቀረ። የከሚሴ ሰው ባይኖር ምን እንሆን እንደነበር እንጃ። «አብሽሩ» እያሉ ሴቶቹንና ልጆቹን ቤታቸው አስገቡ፣ ለሽማግሌውም አልጋ ለቀቁላቸው። አገሩ ስንት ነገር ያለፈበት አገር ነው፣ ማንም ግን ብሔርና ሃይማኖት አልጠየቀም። ለዚያ አውቶቡስ 1 ኮከብም ይበዛበታል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ጥሩው ድርጅት በምንም ምክንያት በምሽት አይነዳም። መሽቶ ከደረሰበት ደብረ ብርሃን ያድራል፣ አልጋም አስቀድሞ ደውሎ ይይዛል (አልጋውን የሚከፍለው ግን ተሳፋሪው ነው)። አንዳንድ ሰው «ሁለት ሰዓት ነው የቀረን፣ ግፋ በለው» እያለ ሹፌሩን ሲያጣድፍ እሰማለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። በሰኔ መጨረሻ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ያ በጎጃም በኩል ያለው መንገድ ነው፣ የእኛ አይደለም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ልጁን ካምፓስ የሚልክ የደሴ ወላጅ ሁሉ ልጁ እስኪደርስ ስልኩን ከእጁ አያወጣም። ማስለቀቂያ ብር ለማሰባሰብ ቤቱን የሸጠ፣ ዘመድ አዝማድ ጋ የዞረ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ አለ። እገታ ንግድ በሆነበት አገር አንድ ሹፌር «አልነዳም» ማለቱ ነፍስ ያተርፋል።

ኬላ ላይም ልዩነት አለ። ረዳቱ ገና ሳንደርስ «መታወቂያ አዘጋጁ፣ ስልክ አታውጡ፣ ፎቶ አታንሱ» ይላል። ሲወርድ ሰላምታ ሰጥቶ ነው። ፈታሾቹም በዚያው ልክ ይመልሳሉ። መታወቂያው ያለፈበት ተሳፋሪ ካለ ከደሴ ሳይነሱ ይነግሩታል፣ ቀበሌ ሄዶ እንዲያሳድስ። በዚህች ነገር ብቻ ስንት ሰው መንገድ ላይ ከመቅረት እንደሚድን!

«አውሮፕላን አለ አይደል» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ፣ ከኮምቦልቻ። መክፈል ለሚችል ጥሩ ነው። ሽንኩርት ነጋዴዋና ለምርመራ የሚሄደው ገበሬ ግን አይችሉትም። በባቲና በሚሌ ዞሮ፣ በአዋሽ በኩል የሚገባም አለ፤ ይረዝማል፣ ሙቀቱም ልጅ ለያዘ ከባድ ነው። ባቡሩማ፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው፣ ሐዲዱ ተዘርግቶ ሰው ሳያጓጉዝ ጦርነት ደረሰበት። ያ መስመር ቢሠራ ኖሮ አንድ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከተማው ሁሉ አይታነቅም ነበር። ድሃ አገር ላይ ችግሩ ይኼው ነው። ሁሉም የሚመካበት ዋና መንገድ አንድ ነው፤ እሱ ሲዘጋ መድኃኒቱም፣ ነዳጁም፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ዕቃም፣ ፈተና ያለበት ተማሪም አንድ ላይ ይቆማሉ። በማግስቱ የዘይት ዋጋ ይጨምራል፣ በሳምንቱ ሥራ ያጣ ወጣት መናኸሪያ ተኮልኩሎ ይውላል። ጠመንጃ ላለው ሰው ደግሞ ሥራ የሌለው ወጣት ለመመልመል ይቀላል። መንገዱን በወታደር ብዛት ብቻ ማስከፈት ለአንድ ሳምንት ይሆናል፤ ተቀምጦ ካልተነጋገሩበት በሳምንቱ ያው ይዘጋል፣ አይተነዋል።

1 ኮከብ ለምን ቀነስኩባቸው? ቀበቶው ግማሹ ወንበር ላይ የለም። የጭነት ሒሳብ ላይ ረዳቱ በአፉ ነው የሚተምነው፣ ደረሰኝ ስጠኝ ስትሉት ፊቱ ይጠቁራል። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ በተከፈተ ማግስት ደግሞ ከታሪፍ በላይ ይጠይቃሉ። ነዳጅ በጥቁር ገበያ ገዝተን ነው ይላሉ፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቸግሮት የሚሄድ ሰው ላይ መጨመር ልክ አይደለም። ለሽንት የሚቆሙበትም ቦታ ለሴቶች አይመችም፤ ይኼን ለትኬት ቢሮዋ ልጅ ነግሬያታለሁ፣ «እትዬ፣ እነግራቸዋለሁ» ብላኛለች።

ትኬት ከደላላ አትግዙ። ራሳችሁ ቢሮ ሂዱና «መንገድ ከተዘጋ ብሬን ትመልሳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳያቅማማ «አዎ» ያለና የቤተሰባችሁን ስልክ የመዘገበ ካገኛችሁ እሱን ተሳፈሩ። ለታማሚ ከሆነ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ተነሱ፣ መድኃኒቱንም በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ከጭነት ጋር ጣሪያ ላይ አይውጣ።