ለትንሽ ልጅ ባለሞላ «ማውንቴን» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰኔ 30 ሲደርስ ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ቃል የተገባ ነገር አለ። «ጎበዝ ከሆንክ ሳይክል እገዛልሃለሁ» የተባለ ልጅ ካርዱን ይዞ ይመጣል፣ ወላጅ ደግሞ ወደ ሱቅ ይሄዳል። ይህን የምጽፈው ወደ ሱቅ ለምትሄዱት ነው። በተለይ ልጃችሁ ከ5 እስከ 7 ዓመት ከሆነ እባካችሁ አንብቡት፤ ብዙ ሰው እየተሸወደ ነው።

እህቴ ለስድስት ዓመት ልጇ ልትገዛ ሄደች። ሻጩ ሁለት ዓይነት አቀረበላት። አንዱ የቢኤምኤክስ (አፈር ላይ ለመሽቀዳደም የተሠራ፣ ጎማው ትንሽ የሆነ ብስክሌት) ቅርጽ ያለው፣ ማርሽ የሌለው፣ ተራ የሚመስል ነው። ሌላው «ማውንቴን» የሚሉት ነው። ከፊትም ከመሃልም ሞላ አለው፣ 18 ማርሽ አለው፣ ጎማው ወፍራም ነው፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል። «እህቴ፣ ያኛው የሕፃን ነው፤ ይሄ ግን ያድግበታል፣ ለዳገትም ማርሽ አለው» አላት። ዋጋው የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ተከራክራ አስቀነሰችና ገዛችው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ማንም ወላጅ ያንኑ ይመርጣል። ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ።

መጀመሪያ ክብደቱን እንይ። እንዲህ ዓይነት ባለሁለት ሞላ የልጅ ብስክሌት በወፍራም ብረት ስለሚሠራ 14 እና 15 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። የስድስት ዓመት ልጅ ራሱ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ወደ 65 ኪሎ አዋቂ ስታመጡት፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ የሚያህል ብስክሌት ይዘህ ዳገት ውጣ እንደ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ የግቢውን በር ደፍ እንኳ ማሻገር አቅቶት «እማ፣ ነይ አንሺልኝ» እያለ ይጣራ ነበር። ሲወድቅ ብስክሌቱ ላዩ ላይ ይወድቃል። ከሥሩ ለመውጣትም የሰው እጅ ይፈልጋል። እንዲህ የሆነበት ልጅ ብስክሌት ጠላ ቢባል ምን ይገርማል?

ሞላው ደግሞ ጌጥ ነው። 20 ኪሎ ልጅ የፊቱን ሞላ ንቅንቅ አያደርገውም። የመሃሉ ደግሞ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ከሰመጠ የልጁን ጉልበት ይበላል። መጋጠሚያው ላይ ያለው ብሎን ሲላላ የኋላው ጎማ ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል። ማውንቴን ባይክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል አካባቢ ሲጀመር ሞላ የሚባል ነገር አልነበረውም። ዛሬ ለውድድር የሚሠራ ጥሩ ሞላ ብቻውን የዚህን ሙሉ ብስክሌት ዋጋ በብዙ ያስከነዳል። ታዲያ በዚህ ዋጋ ሁለት ሞላ ከየት መጣ? አንዳንዶቹ ላይ እኮ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ለኮረብታና ለጥርጊያ መንገድ አይሆንም» የሚል ትርጉም ያለው ማሳሰቢያ ተለጥፎባቸዋል። ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት።

ማርሹም ቢሆን ለዚህ ዕድሜ ችግር ነው። መሪው ላይ የሚዞረው የማርሽ እጀታ ለትንሽ እጅ ይከብዳል። ልጁ አንድ ቀን ይሞክረውና ይተወዋል። ማርሹን የሚቀይረው ብረት ከኋላ ጎማ ጎን ወደ መሬት ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ብስክሌቱ በቀኝ በኩል አንዴ ሲወድቅ ይጣመማል። ከዚያ በኋላ ካቴናው መውለቅ ነው ሥራው። የባሰ ሲጣመም ደግሞ የጎማው ሽቦ ውስጥ ይገባና ጎማው በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። የሰፈር ጎሚስታ ጎማ ይጠግናል እንጂ 18 ማርሽ የሚያስተካክል ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ግን አገጣጠሙ ነው። ብስክሌቶቹ የሚመጡት በካርቶን ነው። የሚገጥማቸው የሱቁ ልጅ ነው፣ ያውም በጥድፊያ። የግራ ፔዳል ጥርስ ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ እንደሚጠብቅ ያላወቀ ሰው በግድ ካስገባው ጥርሱን ይበላዋል። የእህቴ ልጅ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሳምንት ሳይሞላው የግራ ፔዳሉ ሲረገጥ መጨፈር ጀመረ። ፈትተን ስናየው የፔዳሉ ማስገቢያ ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ አልቀረም፤ ብል የበላው ይመስላል፣ የብረት ብናኝ እጃችን ላይ ቀረ። ቁልቁለት ላይ ቢወልቅ ኖሮ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም። ሱቁ የመለሰላት መልስ «ወድቆበት ነው፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ነው።

የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካም እዩ። ወደ ኋላ ዞሮ የተገጠመ በብዛት ታገኛላችሁ። የሹካው ጫፍ ጎበጥ የሚለው ወደ ፊት መሆን አለበት። ዞሮ ከተገጠመ ልጁ ሲታጠፍ የጫማው ጫፍ ከፊት ጎማ ጋር ይጋጫል።

«እሺ፣ ቢኤምኤክስ ልግዛ» ብላችሁ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትገቡ። ቢኤምኤክስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ካሊፎርኒያ ልጆች የሞተር እሽቅድምድም አስመስለው አፈር ላይ ሲጫወቱ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤይጂንግ ላይ ኦሎምፒክ ገብቷል። ዛሬም አንድ ማርሽ ነው፣ ሞላ የለውም፤ ለዚህ ነው የማይበላሸው። ነገር ግን ለትርኢት የሚሠራው ዋናው ቢኤምኤክስ የጎማው ቁጥር 20 ቢሆንም የጎረምሳና የአዋቂ ነው። መቀመጫው ዝቅ ስለሚል የልጁ እግር መሬት ይነካል፣ ወላጅም «ልኩ ነው» ይላል። መሪው ግን ሩቅ ነው፤ ልጁ ተዘርግቶ ነው የሚይዘው። አንዳንዱ የኋላ ፍሬን ብቻ ነው ያለው፣ ጭራሽ ፍሬን የሌለውም አለ። ጎማው መሃል ላይ በግራና በቀኝ የሚወጡት የብረት ዘንጎች ደግሞ ለትርኢት የተሠሩ ናቸው። ሰፈር ውስጥ ግን ሌላ ልጅ ይቆምባቸዋል፣ ሁለት ሆነው ቁልቁለት ይወርዳሉ። ካሉበት እዚያው ሱቅ አስፈቱት።

ታዲያ የሚገዛው የትኛው ነው? በእኔ እምነት ከ5 እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ በልጅ ልክ የተሠራ፣ የቢኤምኤክስ ቅርጽ ያለው፣ አንድ ማርሽ ብቻ የሆነ ብስክሌት ነው። ለብዙዎቹ 16 ቁጥር ጎማ ይበቃል፤ ረዘም ላለው 20። «ያድግበታል» የሚለውን ግን አትስሙ። ጫማ ቢሰፋ ጥጥ ይጨመርበታል፣ ለሰፋ ብስክሌት መላ የለውም።

ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ድንገተኛ ስጦታ ይሁን ብላችሁ ብቻችሁን አትግዙ። መቀመጫው ዝቅ ብሎ ልጁ ሲቀመጥ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይንኩ። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጣቶቹ የፍሬኑን እጀታ ይድረሱበት፣ ጨብጦም ጎማውን ያቁመው። ይህን ካልቻለ ፍሬን እንደሌለው ቁጠሩት። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን ካለው ለትንሽ ልጅ በጣም ጥሩ ነው፤ የእጅ ጉልበት አይጠይቅም። ከዚያ ብስክሌቱን ወለል ላይ አጋድሙትና «አንሳው» በሉት። ማንሳት ካቃተው ሌላ እዩ።

ማውንቴን ባይክ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ልጁ 8 እና 9 ዓመት ሲሞላው፣ ሰፈራችሁም እንደ ሽሮ ሜዳ ዳገት ከሆነ፣ ማርሽ እውነትም ያግዘዋል። ያኔም ቢሆን የፊት ሞላ የሌለውን፣ ማርሹም ከኋላ ብቻ 6 ወይም 7 የሆነውን ፈልጉ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የምትኖሩ ግን ሜዳ ላይ ናችሁ፤ ለልጅ አንድ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ይበቃዋል።

አሁን ስለ ደረሰኝ። እህቴን ሱቁ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልሽ» ብሏት ነበር፣ እሷም እሺ አለች። ፔዳሉ ሲበላሽ በእጇ ምንም ማስረጃ አልነበራትም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይህን መብት አያስቀረውም። ስለዚህ ደረሰኙን ተቀበሉ፣ የብስክሌቱ ዓይነትና የጎማው ቁጥር ይጻፍበት። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን በደንብ አስነዱት፣ ፔዳሉንና ሹካውን በየቀኑ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ። የላላ ነገር ካለ ራሳችሁ አትፍቱት፤ ፎቶ አንሱትና 15 ቀኑ ሳያልፍ ይዛችሁት ተመለሱ።