ዳገት ለሚከብደው የኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ኮንትሮለር ብቻ ወይስ ከነባትሪው?

ብስክሌቴ ባለ 36 ቮልት ነበር፤ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ 15 አምፔር። ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ግን አቅም ያጣል። አንድ ቀን የዲስፕሌዩን ቁጥር እያየሁ ወጣሁ። ዳገቱ ሥር 38 ቮልት ነበር። መሀል ላይ 32 ደረሰ። እጀታውን ስለቀው ተመልሶ 37 ሆነ። ባትሪው ከዚህ በላይ እንዳልጠይቀው እየነገረኝ ነበር፤ አልገባኝም።

መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 25 አምፔር ኮንትሮለር ነው። ርካሹ መንገድ እሱ ነዋ። ሒሳቡም ያጓጓል፦ 36 ቮልት በ15 አምፔር 540 ዋት ነው፣ በ25 አምፔር ግን 900 ዋት ይሆናል። ከፍተኛው ፍጥነት ብዙም አይጨምርም፤ እሱን የሚወስነው ቮልት ነው። ዳገት ላይ ያለው ጉልበት ግን ወዲያው ይታወቃል። ሻጩ «ባትሪህ ይችለዋል» አለኝ። አልቻለውም። ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰሌዳ፣ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ልኩ 20 አምፔር ነበር። ዳገቱ መሀል ላይ ድርግም አደረገው። ከኋላዬ ታክሲ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ብስክሌት እገፋለሁ።

ስለዚህ ኮንትሮለር ብቻ መቀየር የሚያዋጣው ባትሪያችሁ አዲስ ከሆነና ቢኤምኤሱ ያለማቋረጥ የሚሰጠው አምፔር ከኮንትሮለሩ ከበለጠ ብቻ ነው። «ያለማቋረጥ» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ሻጭ የሚነግራችሁ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሰጠውን ነው።

ሁለተኛው መንገድ 48 ቮልት ባትሪና ለሱ የተሠራ ኮንትሮለር አብሮ መግዛት ነው። 48 ቮልት በ20 አምፔር 960 ዋት ነው። ኃይሉ ከላይኛው 900 ዋት ብዙም አይርቅም፤ የሚያልፈው አምፔር ግን ያነሰ ነው። ሽቦና ሶኬት የሚያሞቀው ደግሞ አምፔር ነው፤ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ25 ወደ 20 ሲወርድ ከባትሪ ወደ ኮንትሮለር የሚሄደው ገመድ ሙቀት በሲሶ ያህል ይቀንሳል። የድሮው ሶኬቴ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጦ ነበር፤ የአሁኑን ከዳገት በኋላ በእጄ ስነካው ለብ ያለ ነው። ዋጋው ይጎዳል፣ አልዋሽም። ግን ለአዲስ አበባ መንገድ እኔ የምመክረው ይሄንን ነው። ፍጥነቱም በሲሶ ገደማ ስለሚጨምር ፍሬናችሁን አስቀድማችሁ አሳዩ።

ገንዘብ ለመቆጠብ 48 ቮልት ባትሪ በድሮው ኮንትሮለር ላይ የሚሰኩ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ባለ 36 ቮልት ኮንትሮለር ብትከፍቱ፣ ብዙዎቹ ካፓሲተሮች (ኃይል ለአፍታ የሚይዙት ትንንሽ ክፍሎች) ላይ 50 ቮልት የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ የሚችሉት እስከዚያ ነው ማለት ነው። ሙሉ የተሞላ የተለመደው 48 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ግን 54.6 ቮልት ነው።

የባትሪው ዓይነትም ጥያቄ ነው። ዕቃ እያመላለሰ በየቀኑ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይሻላል። ይከብዳል፣ ግን ዕድሜው ረጅም ነው፤ በእሳትም ብዙ አያሰጋም። ብስክሌቱን ተሸክሞ ፎቅ ለሚወጣ የተለመደው ቀላሉ ሊቲየም ይበቃዋል።

ኮንትሮለር ስትመርጡ ሳይን ዌቭ የሚባለው ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ስኩዌር ዌቭ ሲነሳ ያጉረመርማል። ዲስፕሌዩን አብራችሁ ግዙ፤ የሌላ ኮንትሮለር ዲስፕሌይ ብዙ ጊዜ አይግባባም።

ቻርጀሩም ይቀየራል። የ36 ቮልቱ ቻርጀር 42 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ አዲሱን ባትሪ አይሞላውም። አደገኛው ግልባጩ ነው፦ የ54.6 ቮልት ቻርጀር 36 ቮልት ባትሪ ላይ ከተሰካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እኔ ቤት ሁለቱም ባትሪ አለ፣ ሶኬታቸውም አንድ ዓይነት ነው። በአዲሱ ቻርጀርና በአዲሱ ባትሪ ላይ ቀይ ቴፕ ጠቅልያለሁ፤ ልጆቼም ቀይ ከቀይ ጋር ብቻ እንደሚሰካ ያውቃሉ።