ለልጄ የሳይንስ አስጠኚ ምስጋና አለኝ

ይህን ለመጻፍ ሳስብ ሰነባብቻለሁ። ልጄን ሳይንስ የምታስጠናትን መምህርት በአደባባይ ላመስግናት፣ አስጠኚ ለምትፈልጉም ልጠቁማችሁ።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ጎበዝ ናት፤ እናቷ ስለሆንኩ አይደለም፣ ያስተማሯት ሁሉ የሚሉት ነው። ግን ቤተ ሙከራ በገቡ ቀን ደብተሯ በሰንጠረዥ ተሞልቶ እሷ ኩርፍ ብላ ነበር የምትመጣው። ለካስ በየቡድኑ ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው፣ ማውሱንም ሴንሰሩንም (የሚለካውን መሣሪያ) ወንዶቹ ይይዙታል፣ እሷ ደግሞ "ጽሑፍሽ ያምራል" ተብላ ጸሐፊ ትሆናለች። መልሱ ሲጠፋቸው ግን የሚዞሩት ወደ እሷ ነው። ቶሎ ስትጨርስም "እስቲ ሌሎቹን አግዢ" ትባላለች። ማንም ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ግን ዓመቱን ሙሉ መሣሪያ በእጇ ሳትነካ ቆይታ "እኔ እኮ ቴክኖሎጂ ላይ አይደለሁም" ማለት ጀመረች። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

አስጠኚዋ የመጀመሪያ ቀን መጽሐፍ አልገለጠችም። ፋይፎክስ የሚባል መተግበሪያ ልጄ ራሷ ስልኬ ላይ እንድትጭን አደረገች። ነጻ ነው፤ ጀርመን ያለው የአኽን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሰዎች የሠሩት ሲሆን ስልክ ውስጥ ያሉትን ሴንሰሮች መለኪያ ያደርጋቸዋል። ከሥር ትራስ አነጠፉና ልጄ ስልኩን በክር አንጠልጥላ እንደ ፔንዱለም አወዛወዘችው። አንዱ ምልልስ 2 ሰከንድ አካባቢ ሆነ። ክሩን ለካች፣ 93 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ከሁለቱ ቁጥሮች የመሬት ስበት ፍጥንጥነትን ስታሰላ 9.1 መጣላት። መሆን ያለበት 9.8 ነው።

ልጄ ስህተት አትወድም። ፊቷ ቅጭም አለና ላጲስ አነሳች። አስጠኚዋ ላጲሱን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችው። "አታጥፊው፣ ቁጥሩ የሆነ ነገር እየነገረሽ ነው" አለቻትና ዝም አለች። ዝምታው ረዘመብኝ፣ ልናገር ምንም አልቀረኝም። ልጄ ክሩን አየች፣ ስልኩን አየች፣ እንደገና አወዛወዘችው። ድንገት "ቲቸር! የለካሁት እስከ ስልኩ ጫፍ ነው፣ እስከ መሃሉ ነበር መለካት ያለብኝ!" ብላ ጮኸች። 7 ሴንቲ ጨመረች። 9.8። ያኔ ፊቷን ባያችሁት።

ፌት በሚባሉት ሲሙሌሽኖችም (ስክሪን ላይ በሚሠሩ የማስመሰያ ሙከራዎች) ይሠራሉ። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሯቸው ናቸው፣ እነሱም በነጻ። ባትሪውን በባዶ ሽቦ ስታገናኘው ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል፤ ታጠፋዋለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ሁልጊዜ "አንቺማ ታውቂዋለሽ" ለምትባል ልጅ ማንም ሳያያት ሃያ ጊዜ መሳሳት ትልቅ እረፍት ነው። አስጠኚዋ ግን አንድ ነገር ላይ አትደራደርም። ልጄ ቁልፉን ከመንካቷ በፊት ምን እንደሚሆን የምትገምተውን ትጽፋለች። በሲሙሌሽን ብቻም አትተዋትም፣ እዚያ ውስጥ 7 ሴንቲ አይጠፋማ።

እውነቱን ለመናገር፣ ፈተና ደርሶባችሁ በጥድፊያ የሚያስጠና ሰው ከሆነ የምትፈልጉት እሷ አትሆናችሁም። አትቸኩልም፤ በአንድ ጥያቄ ላይ አንድ ሰዓት ልታሳልፍ ትችላለች። ልጃችሁ ጎበዝ ሆና ዝም ካለች፣ ወይ ክፍል ውስጥ ከሰለቻት ግን አታመንቱ። በቪዲዮም ታስጠናለች።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከቤተ ሙከራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው የነገረችኝ፤ አብሯት ለሚሠራው ልጅ "ዛሬ ሴንሰሩን እኔ ልያዝ፣ አንተ ጻፍ" አለችው፣ እሱም እሺ ብሎ ደብተሩን ተቀበላት።

ክብረት ይስጥልኝ እህቴ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።